ዘይቱን አይቼው አለፍኩ

እንደምን ሰነበቱ እትዬ? ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ፤ አንድ ቀን ስለ ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። 29 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሆቴል ኪችን ነው የምሠራው። ስገባ ሽንኩርት ከታፊ ነበርኩ። አሁን ስድስት ዓመት ሞላኝ፣ የማታው ሺፍት ኃላፊ ሆኛለሁ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ ማታ ሰርግ ነበረብን። ፍራየሩ፣ ማለትም የዘይት መጥበሻ ማሽኑ አጠገብ ዘይት ፈሰሰ። ብዙ አይደለም፣ አንድ ጭልፋ ቢሆን ነው። አይቼዋለሁ። መወልወያው ያለው ታች መጸዳጃ ቤቱ ጋ ነው፤ ቁልፉ ጽዳቷ ጋ ነው፤ እሷ ደግሞ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጥታለች። «ቆይ ጋብ ይበልልን» ብዬ ካርቶን ጣል አድርጌበት አለፍኩ። አስር ደቂቃ ቢሆን ነው። አንዲት ስቲዋርድ፣ ማለትም የኪችን ሳህን አጣቢ አለች፣ 20 ዓመቷ ነው፣ ከገጠር መጥታ ሥራ ከጀመረች አራተኛ ወሯ ነው። ሳህን ቆልላ ስትመጣ «ቶሎ በይ እንጂ!» ብዬ የጮህኩባት እኔው ነኝ። ካርቶኑን ረገጠችው፤ ከእግሯ ስር ሸርተት አለ። የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ።

ሆስፒታል ያደረስኳት እኔ ነኝ። በጀሶ ታሰረላት። የዚያን ቀኑን ወጪ ሆቴሉ ከፈለ። ከዚያ በኋላ ግን «እስኪሻልሽ ቤትሽ ተቀመጪ» ተባለች፤ ደመወዝ የለም። የቅጥር ውል እንኳ በወረቀት አልተሰጣትም። አክስቷ የክትትሉን ብር ከየት አመጣለሁ ብላ ጀሶውን አስፈትታ ወጌሻ ጋ ልትወስዳት ነው ሲሉ ሰማሁ።

አሁን ሥራ አስኪያጃችን አንድ ወረቀት አዘጋጅተው ፈርሚ አሉኝ። «ሠራተኛዋ የተሰጣትን የደህንነት ጫማ ትታ በራሷ ነጠላ ጫማ ስትሠራ፣ በራሷ ጥንቃቄ ጉድለት ወደቀች» ይላል። ጫማ ለማናችንም ተሰጥቶን አያውቅም። ስለ ዘይቱ አንድ ቃል የለም። ሰውየው ደግሞ ባዕድ አይደሉም። እዚህ ሥራ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው፤ ከእናቴ ጋር አንድ ሰፈር ነው ያደጉት፤ ጋሼ ነው የምላቸው። «ወረቀት እኮ ነው፣ ባለቤቱ እንዳይቆጡ ነው» አሉኝ። እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጥተውኛል።

እናቴንና ዩኒቨርሲቲ ያለ ወንድሜን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ካልፈረምኩ ሥራዬ ያሳስበኛል። ከፈረምኩ ደግሞ የልጅቷን ዓይን እንዴት አያለሁ? እስካሁንም ሄጄ አልጠየቅኳትም፣ አፍሬ። ማታ ያ የሳህን ድምፅ ይመጣብኛል። ኪችን ውስጥ ግድግዳ ይዤ መሄድ ጀምሬያለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው? ምን ላድርግ?

ግራ የገባኝ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛው ላይ አንድ ነገር ያዘኝ። ካርቶኑን መጣልሽን፣ «ቶሎ በይ» ማለትሽን፣ ማንም ሳይጠይቅሽ ነው የጻፍሽው። ብትደብቂው ማን ያውቅብሽ ነበር? እንዲህ ያለ ሰው ያን ወረቀት ፈርሞ ሰላም የሚያገኝ አይመስለኝም። መልሱንም የምታውቂው ይመስለኛል፤ ያስፈራሽ የሚያስከትለው ነገር ነው። ብትፈሪም አልፈርድብሽም፣ ሁለት ሰው ትከሻሽ ላይ አለ።

ሰኞ ቅርብ ነውና ከወረቀቱ ልጀምር። አትፈርሚ። እኔ እንዲህ ቆርጬ መናገር ብዙ አልወድም፣ ሰው የራሱን ኑሮ ከእኔ በላይ ያውቃል። ይሄኛው ግን የኑሮ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ወረቀቱ ላይ ያለችው አንዲት ሐረግ ምን እንደምትሠራ ልንገርሽ።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ በቁጥር 1156/2011 ማለቴ ነው፣ ሠራተኛ ሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪው ባያጠፋም እንኳ ተጠያቂ ነው። ማን አጠፋ ብሎ መጨቃጨቅ አያስፈልግም፤ ሥራ ላይ ከሆነች፣ ከተጎዳች፣ በቃ። ከዚህ የሚያመልጥበት መንገድ ጠባብ ነው። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው። እንደ ሆን ተብሎ ከሚቆጠሩት ውስጥ ደግሞ አንዱ ሰክሮ ሥራ መግባት ሲሆን፣ ሌላው አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የደህንነት መመሪያ አለማክበር ነው። አሁን ወረቀቱን መልሰሽ አንብቢው። «የተሰጣትን የደህንነት ጫማ ትታ»። አየሽ? ያቺ ሐረግ እንዲሁ ለአፍ የገባች አይደለችም። አንቺ ከስሯ ከፈረምሽ ልጅቷ የምታገኘውን ሁሉ ልታሳጣት ትችላለች። ጫማ የማቅረብና እንዴት እንደሚጠቀሙበት የማሳየት ግዴታ ያለበት ደግሞ ያው አሠሪው ነው።

ልጅቷ ምን ነበር የሚገባት? ሕክምናዋ፣ የክትትሉም ጭምር፣ የአሠሪው ወጪ ነው። ሥራ መሥራት ባልቻለችበት ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዟ፣ ለሚቀጥሉት ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈላታል። ቶሎ ድና ከተመለሰች እዚያው ያቆማል። የመጀመሪያ ቀን የጀሶ ብር ከፍሎ «ቤትሽ ተቀመጪ» ማለት ሕጉ ውስጥ የለም። ውል በወረቀት የላትም ላልሽው፣ ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑ የሠራተኛውን መብት አያስቀርም ይላል ያው አዋጅ። ይሄን ለአክስቷ ቶሎ አድርሺላት። ወጌሻ አልናቅኩም፣ ብዙ ሰው የሚመካበት ነው፤ ግን ሐኪም ያሰረውን ጀሶ ሐኪም ሳያይ መፍታት በ20 ዓመት ልጅ ቀኝ እጅ ላይ መቀለድ ነው። የቸገረው ብሩ ከሆነ ብሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ጋሼሽን ክፉ ሰው አድርጌ መሳል አልፈልግም። አላውቃቸውም። ባለቤቱን የሚፈሩ፣ እሳቸውም ቤተሰብ ያላቸው፣ «ትንሽ ወረቀት» ነገሩን ያበርደዋል ብለው ያሰቡ ሰው ይሆናሉ ብዬ ልገምት። ግን አንድ ነገር ጠይቂ ራስሽን። ነገ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ተጠርቶ «ጫማው መቼ ተሰጠ? ማን ፈርሞ ወሰደ?» የሚባለው ማን ነው? ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የማን ነው? የእሳቸው አይደለም። ውለታ ከፈልኩ ብለሽ ከድጡ ወደ ማጡ እንዳትገቢ ነው የምሰጋው።

ታዲያ ሰኞ ምን ትያቸዋለሽ? ስብሰባ ፊት ሳይሆን ቢሯቸው ገብተሽ፣ በእርጋታ፣ «ጋሼ፣ ያላየሁትን መፈረም አልቻልኩም። ያየሁትን ግን ራሴ ጽፌ አምጥቻለሁ» በያቸው። ባዶ እጅሽን አትሂጂ፤ ቁም ነገሩ እሱ ነው። «አልፈርምም» ብቻ ጠብ ይመስላል። የራስሽ ጽሑፍ እጅሽ ላይ ካለ ግን ሥራሽን እየሠራሽ ነው። እውነትም ሥራሽ ነው፤ አሠሪው የሥራ ላይ አደጋን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅ አለበት፣ ሠራተኛውም ያየውን አደጋና አደገኛ ነገር ለአሠሪው ማሳወቅ አለበት። ሁለቱም አዋጁ ላይ ያሉ ግዴታዎች ናቸው።

ጽሑፉ አንድ ገጽ ይበቃዋል። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው። ወለሉ ላይ ምን እንደነበር፣ ከየት እንደፈሰሰ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ። ምን ተሸክማ ነበር፣ ምን ተጫምታ ነበር። መወልወያው የት ነበር፣ ቁልፉስ ማን ጋ ነበር። እነማን አዩ። ከወደቀች በኋላ ምን ተደረገ። «ቸልተኛ» «ጥንቃቄ የጎደለው» የሚሉ ቃላት አይግቡበት፣ ለማንም፣ ለራስሽም ቢሆን። የካርቶኑን ነገር ጻፊው። «ዘይቱን አይቼ ካርቶን ጣልኩበት፤ መወልወያ በቅርብ አልነበረም» ብለሽ፤ እውነቱ እሱ ነውና። እሱን ደብቀሽ ሌላውን ብትጽፊ ነገ አንድ ሰው «እሷ አይደለች እንዴ ካርቶን የጣለችው?» ሲል ሙሉ ጽሑፍሽ ይወድቃል። ሁለት ኮፒ አድርጊ። አንዱ ላይ «ተቀብያለሁ» አስብለሽ አስፈርሚ፣ ካልፈረሙልሽም ያስገባሽበትን ቀን ጻፊበትና ቤትሽ አስቀምጪው። ስልክሽ ላይ የፍራየሩ አካባቢ ፎቶ ካለሽም አታጥፊው።

ምንም አይደርስብሽም ብዬ አልዋሽሽም። ፊት ሊነሱሽ ይችላሉ። ሺፍትሽን ሊቀይሩት ይችላሉ፤ ሰላምታ ሊቀንስ ይችላል፣ እናትሽ ጋ ሁሉ ሊደወል ይችላል፣ ሰፈር ነዋ! ስለዚህ እናትሽ ከሰው ከምትሰማው ቀድመሽ ዛሬ ማታ ራስሽ ንገሪያት። ቅሬታ በማቅረብሽ ብቻ ግን ሊያባርሩሽ አይችሉም። ያ ሕጋዊ የስንብት ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ በግልጽ ጽፎታል። ከዚያ አልፈው ቢያሰናብቱሽ፣ ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ክስ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ እንደሚቀር እወቂ፣ ተኝተሽ እንዳታሳልፊው። መሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ ሊቀመንበሩን ከሰኞ በፊት አናግሪው። ከሌላችሁ ያንን ማታ አብረውሽ ከነበሩት አንድ ሁለት ሰው ፈልጊና እነሱም ያዩትን ይጻፉ፤ አንድ ሰው መግፋት ይቀላል፣ ሦስት ሰው ግን ይከብዳል። ካልሆነ ክፍለ ከተማችሁ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ መጠየቅ ይቻላል። መጠየቅ መክሰስ አይደለም።

አሁን ወደ ሌላው እንምጣ። «ጥፋቱ የእኔ ነው?» ብለሻል።

ከፊሉ አዎ። ይሄን ብሸፍንልሽ አታምኚኝም። ዘይቱን አይተሻል፣ አልፈሻል። ግን ቆይ አንዴ፣ ያንን ማታ መልሰን እንየው። ስንት ሰው ነው በዚያ ዘይት አጠገብ ያለፈው? ሼፉ አላለፈም? አስተናጋጆቹስ? ዘይት ሲፈስ የሚጠርገው ማን ነው ተብሎ ያውቃል? ከፍራየሩ እስከ መወልወያው ስንት እርምጃ ነው፣ ደረጃስ አለው? ሰርግ በሚበላበት ሰዓት ሺፍቱን ጥለሽ ታች ወርደሽ የተቆለፈ በር ብትደበድቢ ምን ትባዪ ነበር? ያቺ ልጅ የወደቀችው በዚያ አስር ደቂቃ ውስጥ ብቻ አይደለም። መወልወያው ታች ተቆልፎ እንዲቀመጥ የተወሰነ ቀን፣ ጫማው «በሚቀጥለው በጀት» የተባለ ቀን ጀምሮ ወለሉ ይጠብቃት ነበር። አንቺ የመጨረሻዋ ሰው ነሽ እንጂ ብቸኛዋ አይደለሽም።

እኛ አገር ሰው ሲደናቀፍ ከአፋችን የሚወጣውን ታውቂዋለሽ። «እኔን!» ነው። ሲብስም «እኔን ድፍት ያድርገኝ!»። እንዴት ያለ ደግ ቃል ነው። ከዚያ ግን ሰውየው አቧራውን አራግፎ ይሄዳል፣ ያደናቀፈው ድንጋይ እዚያው ይቀራል፣ ነገ ለሌላው «እኔን!» እንላለን። እኔ ራሴ ከዚህ አላመለጥኩም። ከዓመታት በፊት የምሠራበት ቢሮ ለዓመት በዓል ቡና ተፈልቶ፣ ሴራሚኩ ላይ ለምለም ቄጤማ ተጎዝጉዞ ነበር። እንዴት ያምር ነበር! የሲኒ ትሪ ይዤ ሁለት እርምጃ አልሄድኩም፣ ተዘረጋሁ። መጀመሪያ ያደረግኩት ምን መሰለሽ? ዞር ብዬ ማን አየኝ አልኩ። ከዚያ ሳቅኩ። ሁሉም «እኔን!» አለ፤ ሲኒው ተለቀመ፣ ቡናው ቀጠለ። ሌሊት ነው ወገቤ የነገረኝ። የሚገርመው ግን ከእኔ በኋላ ዘበኛው እዚያው ላይ አዳልጦት ነበር፣ ያኔም ቄጤማውን ያነሳው የለም፣ በዓል ነዋ። የአፈር ወለል ላይ ቄጤማ ምንም አይልም፣ አፈሩ እርጥበቱን ይጠጣዋል። ሴራሚክ ላይ ግን የተረገጠ እርጥብ ሣር ሳሙና ማለት ነው። እናንተም ሆቴል በበዓል ሳትጎዘጉዙ አትቀሩም፤ አስተናጋጅ ትሪ ይዞ ከሚያልፍበት መንገድ ላይ ሳይሆን ጥግ ላይ፣ ቡናው ዙሪያ ብቻ ቢሆን ማንም አይቀየምም።

ወደ ኪችንሽ ልመለስ። ወለሉን ከሰኞ ቀጥሎ ባሉት ቀናት ልታስተካክዪው የምትችዪው አንቺ ነሽ ብዬ አስባለሁ፤ ሺፍት የምትመሪው አንቺ ስለሆንሽ። ከጸጸቱ የሚገላግልሽም ከመተኛት ይልቅ እሱ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ካርቶኑ። ካርቶን መጣል የአንቺ ፈጠራ አይደለም፣ ያልጣለ ኪችን የለም። ግን ምን እንደሚያደርግ ተመልከቺ። ካርቶኑ የጫማውን ሶል ይይዛል፤ ከስሩ ያለው ዘይት ግን ካርቶኑን አይይዝም። ስለዚህ የረገጠው ሰው ከነካርቶኑ ነው የሚሄደው። ደግሞ ዘይቱን ይሸፍነዋል። ዘይት የሚታይ ከሆነ ሰው ይዘለዋል፣ ካርቶን ግን አምኖ ይረግጠዋል። ሰው ሲራመድ ቀድሞ የሚያርፈው ተረከዙ ነው፤ ተረከዙ ወደ ፊት ሲሸሽ ገላው ወደ ኋላ ይቀራል፣ እጅ ሳያስብ ወደ ኋላ ይዘረጋል፣ የሰውነት ክብደት በሙሉ አንጓ ላይ ያርፋል። የልጅቷ እጅ ከዚያ የተሰበረ ይመስለኛል።

በካርቶን ፈንታ ምን? ሥጋ ቤቶች ሰጋቱራ ይበትናሉ፣ አይተሽ ይሆናል፤ እሳት አጠገብ ግን ሰጋቱራ አልመክርም። ብዙ ሼፍ ጨው ይበትንበታል። ጨው አያጸዳም፣ ግን ዘይቱን ትንሽ ይይዘዋል፣ እስኪጸዳ ያቆያል። ከዚያ በፊት ግን ከሁሉም የሚቀለው ሰው ማቆም ነው። ዘይት ያየ ሰው ከቦታው አይነቃነቅም፤ «ዘይት!» ብሎ ይጮኻል፣ ሌላው መጥረጊያ ያመጣል። ሰው ከጠፋ ወንበር ገልብጦ ላዩ ላይ ማስቀመጥ። አስር ሰከንድ አይፈጅም፣ ማንም ወንበር ላይ አይራመድም። ይሄን ልማድ ለሺፍትሽ ለማስያዝ የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም። ሳህን ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ደግሞ ቁልሉ ከደረቱ በላይ አይሁን፤ እግሩ ስር ያለውን ማየት አለበት። ያን ማታ እሷ ወለሉን ታየው ነበር? እኔ እንጃ፣ አንቺ ታውቂያለሽ።

ስለ መወልወያው። ሁለት ነገር ነው። አንደኛ ቦታው። ፍራየሩ ካለበት አምስት እርምጃ ሳይርቅ ግድግዳው ላይ አንድ መስቀያ ይመታና አንድ ደረቅ መወልወያ፣ አንድ ጥቅል ወፍራም ወረቀት ወይም ያረጀ ፎጣ እዚያው ይሁን፣ ሳይቆለፍ። ዋጋው ለሆቴል ምንም ማለት አይደለም፤ ጋሼሽን ሰኞ ይሄንንም ጠይቂያቸው። «አልፈርምም» ያለች ሰው ወዲያው «መስቀያ ይገዛልን» ስትል ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ለሆቴሉ እንደምታስቢ ያያሉ።

ሁለተኛ አወላወሉ። አብዛኛው ቤት የሚወለወለው ጠዋት በተቀዳ አንድ ባልዲ ውሃ ነው፣ ከሰዓት ውሃው ሻይ መስሏል። ያ መወልወያ ዘይቱን አያነሳውም፣ አስፍቶ ይቀባዋል። አንድ ጭልፋ የነበረው ሙሉ ወለሉን ያዳርሳል፤ ስስ ስለሆነ ደግሞ አይታይም። በረኪና ጨመርንበት ትላላችሁ፣ በረኪና ዘይት አያነሳም፣ ሽታውን ነው የሚቀይረው። መጀመሪያ ዘይቱን በወረቀት መምጠጥ፣ ከዚያ ሙቅ ውሃ በላርጎ ማፍሰስ፣ ጥቂት ደቂቃ መተው (እዚህ ላይ ነው ሰው የሚቸኩለው)፣ በብሩሽ ማሸት፣ ውሃውን ወደ ፍሳሹ መግፋት፣ ማድረቅ። ይሄ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት፣ ግማሽ ግማሹን ይሁን፤ ሰው የሚያልፍበት ደረቅ ግማሽ ሁልጊዜ ይኑር። ቢጫው የ«ወለሉ እርጥብ ነው» ምልክት ካላችሁ ጥሩ፤ ግን ቀኑን ሙሉ ከቆመ ከአበባ ማስቀመጫ አይለይም፣ ሲደርቅ ይነሳ።

ጫማ ላይ ብዙ አልልም። ድፍን፣ ሶሉ ጎማ የሆነና ቦይ ያለው። ነጠላ ጫማ ኪችን ውስጥ አይሆንም፣ ለስላሳ ሶል ያለው ሸራም እንደዚያው። ቦዩ በሊጥና በዘይት ሲደፈን ያው ነጠላ ጫማ ነው የሚሆነው፤ ማታ ስትወጡ በብሩሽ ይታሸት። አሠሪው ማቅረብ እንዳለበት ነግሬሻለሁ፤ እስኪያቀርብ ግን አንቺም እግርሽን ጠብቂ።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የወደቀችው ፍራየሩ አጠገብ ነው። ያ ዘይት ትኩስ ነው። እጇን የዘረጋችው ወደ ወለሉ ሆኖ ተረፈች፤ የፍራየሩን ጠርዝ ብትይዝስ? ትኩስ ዘይት በድስት ይዞ ወለል ማቋረጥ የሚባል ነገር ከነገ ጀምሮ አስቁሚ፤ ዘይት የሚቀየረው ጠዋት ሲበርድ ነው። «ወድቃ እኮ ነው» ይላል ሰው፣ መውደቅ ቀላል ነገር ይመስል። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰው በመውደቅ እንደሚሞት ይናገራል፤ ከመኪና አደጋ ቀጥሎ በአደጋ ሰው የሚሞትበት ይሄ ነው።

ግድግዳ ይዘሽ የምትሄጂበትን ነገር አልረሳሁትም። ሰውነትሽ ያየውን ነው የሚነግርሽ፣ አትፈሪበት። የፈራ ሰው ግን ደርቆ ይራመዳል፣ የደረቀ ሰው ደግሞ ቶሎ ያዳልጠዋል፤ እርምጃሽን አሳጥሪ፣ ሙሉ እግርሽን አሳርፊ፣ አትሩጪ። «ቶሎ በይ» የሚለውን ቃል ለጊዜው ከሺፍትሽ አውጪው፣ በምትኩ «ከኋላሽ ነኝ» «ትኩስ ነው» በሉ። ወለሉ ሲስተካከል እጅሽ ከግድግዳው ቀስ እያለ የሚላቀቅ ይመስለኛል። የሳህኑ ድምፅ አንድ ወር አልፎም እንቅልፍ ከነሳሽ ግን ጤና ጣቢያ ሄደሽ ለባለሙያ ንገሪው፤ ይሄ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

የቀረችው ልጅቷ ናት። ከሰኞ በፊት ሂጂ፤ ነገ ቢሆን ደስ ይለኛል። አፍሬያለሁ ስትዪ እሷ ደግሞ ቤቷ ቁጭ ብላ «እንኳን ሊጠይቁኝ» እያለች ይሆናል። ለወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ እሷም እስካሁን «ምነው አላየሽም?» ስትባል ከርማ ራሷን ጥፋተኛ አድርጋ ሊሆን ይችላል። ዘይቱን ቀድመሽ እንዳየሽው ካንቺ አፍ ትስማ። ልትቆጣ ትችላለች፤ ትቆጣ። ይቅርታ ለማግኘት ብለሽ አትቸኩዪ፣ ብታለቅስም ዝም ብለሽ አብረሻት ተቀመጪ። ከዚያ ስለ ደመወዟና ስለ ሕክምናዋ የነገርኩሽን አንድ በአንድ ንገሪያት፣ አክስቷም ትስማ፣ የሆስፒታሉን ካርድና ደረሰኝ ሁሉ እንዳይጥሉ።

ባዶ እጅሽን አትሄጂም መቼም፣ ብርቱካን ነው የምትወስጂው። የታሰረው ቀኝ እጇ ነው አይደል? ልጠሽ ስጫት።